ስለ ደም ዝምድናና ስለ ሊቁ ካርል ላንድስታይነር ሥራ

በአገራችን ቋንቋ ስለ ዝምድና የሚነገረው ነገር ሁሉ ከደም ሳይነሣ አይቀርም። ሰው ወንድሙን ሲያቀርብ «ደሜ ነው፤ አጥንቴ ነው» ይላል። ወገኑ የተገደለበት ሰው ደሙን እስኪመልስ ድረስ እንቅልፍ የለውም ይባላል፤ ሽማግሌዎችም ገብተው ጠበኞቹን ያስታረቁ እንደ ሆነ ደም አደረቁ ተብለው ይመሰገናሉ። ጋብቻ በታሰበ ጊዜም እስከ ሰባት ቤት ድረስ ትውልድ ይቈጠራል። ይህ ሁሉ ከአባቶቻችን የወረስነው አነጋገርና ሥርዓት ስለ ሆነ የሚነቀፍ አይደለም፤ ዘመድ ለዘመዱ እንዲደርስ የሚያዝዝ መልካም ነገርም አለበት።

ዳሩ ግን በሥራችን ውስጥ የሚመላለሰው እውነተኛው ደም ይህን የእኛን አቈጣጠር አያውቀውም። የአንድ እናት ልጆች ደማቸው ሳይስማማ ይቀራል፤ ተያይተው የማያውቁ፣ በቋንቋም በአገርም የተለያዩ ሁለት ሰዎች ግን ደማቸው አንድ ዓይነት ሆኖ ይገኛል። ወንድም ለወንድሙ በፍቅር የሰጠው ደም ሊገድል፣ ባዕድ ለባዕድ የሰጠው ደም ሊያድን ይችላል። ይህን ታላቅ ነገር መርምሮ ለዓለም የገለጠው ካርል ላንድስታይነር የተባለ የኦስትሪያ ሐኪም ነው። የዚህን ሊቅ ሥራ ዛሬ ለአንባቢዎቻችን ልናስታውስ የወደድነው ሰውን በታሪክ ለማስደነቅ ብቻ አይደለም፤ ከሥራው የሚከተል፣ በእያንዳንዳችን ላይ የወደቀ አንድ ግዴታ ስላለ ነው። በዚህ ጽሑፍ የምናነሣቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር ናቸው።

ደም የፈሰሰውን ሰው በሌላ ደም ለማዳን ማሰብ የቈየ አሳብ ነው። በ1667 ዓ.ም. በፓሪስ ከተማ ዣን ባፕቲስት ደኒ የተባለ ሐኪም የበግ ጠቦት ደም በአንድ ብላቴና ሥር ውስጥ አስገባ፤ የገባለትም ደም ጥቂት ነበረና ብላቴናው ተረፈ። ኋላ ግን የጥጃ ደም የተሰጠው ሌላ ሰው ስለ ሞተ ሐኪሙ በፍርድ ቤት ተከሰሰ፤ ሥራውም በፈረንሳይ አገር ተከለከለ። ከዚያ በኋላ ነገሩ መቶ ኀምሳ ዓመት ያህል ተዳፍኖ ቈየ። በ1818 ዓ.ም. ጄምስ ብላንደል የተባለ የሎንዶን የማዋለድ ሐኪም፣ ሴቶች ከወለዱ በኋላ ደም ፈስሷቸው ሲሞቱ እያየ ልቡ ስለ ተነካ፣ የሰውን ደም ለሰው ወደ መስጠት ደረሰ። ከሕመምተኞቹ አንዳንዶቹ ዳኑ፤ ሌሎቹ ሞቱ። አንዱ የዳነበትን፣ ሌላው የሞተበትን ምክንያት ግን ብላንደልም ሆነ ከእርሱ በኋላ የተነሡት ሐኪሞች ሊያውቁት አልቻሉም። ደም የተሰጠው ሰው ድንገት ይንቀጠቀጣል፤ ወገቡንና ደረቱን ያመዋል፤ ሽንቱ ይጠቍራል፤ ከዚያም ይሞታል። ስለዚህ ደም መስጠት ለሐኪሙ ዕጣ እንደ መጣል ያለ ሥራ ሆኖ ኖረ።

ላንድስታይነር የተወለደው በ1868 ዓ.ም. ጁን 14 ቀን ነው። አባቱ በቪየና የታወቀ የጋዜጣ አዘጋጅ ነበረ፤ ነገር ግን ልጁ የስድስት ዓመት ሕፃን ሳለ ስለ ሞተ እናቱ ብቻዋን አሳደገችው። በ1891 ዓ.ም. በቪየና ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርቱን ፈጸመ። ሐኪም ተብሎ ገንዘብ ወደ መሰብሰብ ግን አልቸኰለም፤ ወደ ጀርመንና ወደ ስዊስ ሄዶ በስመ ጥር ሊቃውንት እግር ሥር ተቀምጦ ኬሚስትሪን ተማረ። ተመልሶም በቪየና በሬሳ ምርመራ ክፍል ዐሥር ዓመት ያህል ሠራ፤ በነዚያም ዓመታት ከ3,600 የሚበልጥ ሬሳ እንደ መረመረ ተጽፏል። ሙታንን የመመርመር ሥራ ያደክማል፤ ክብርም ብዙ የለበትም። እርሱ ግን በሙታን መካከል ተቀምጦ ሕያዋን የሚድኑበትን መንገድ ይፈልግ ነበር።

የሠራው ምርመራ አስቀድሞ ሲያዩት እጅግ ቀላል ይመስላል። ከራሱና አብረውት ከሚሠሩት ጤነኛ ሰዎች ጥቂት ጥቂት ደም ቀዳ። ደም በብርጭቆ ውስጥ ሲቀመጥ ቀዩ ወደ ታች ይረጋል፤ ከላዩ ሴረም የሚባል ቢጫ መሳይ ፈሳሽ ይንሳፈፋል። ላንድስታይነር የአንዱን ሰው ቀይ ከሌላው ሰው ፈሳሽ ጋር እያደባለቀ፣ ሁሉንም በሁሉ ላይ በተራ እየሞከረ ተመለከተ። በአንዳንዱ ብርጭቆ ደሙ ተዋሕዶ ዝም አለ፤ በአንዳንዱ ግን ቀያዮቹ ሕዋሳት እንደ ተበላሸ ወተት ተቋጠሩ። ይህን መቋጠር ከእርሱ በፊት ያዩ ሐኪሞች ነበሩ፤ ነገር ግን ከበሽታ የመጣ ነው ብለው አለፉት። እርሱ ደማቸውን የሰጡት ሰዎች ሁሉ ጤነኞች መሆናቸውን ስላየ፣ ነገሩ በሽታ ሳይሆን በሰው ሁሉ ዘንድ በተፈጥሮ ያለ ልዩነት መሆኑን ዐወቀ። በ1900 ዓ.ም. ስለ ሌላ ነገር በጻፈው ጽሑፍ ግርጌ በጥቂት ቃል ጠቀሰው፤ በ1901 ዓ.ም. ደግሞ በቪየና ሐኪሞች መጽሔት ለብቻው አሳተመው። ጽሑፉ ሦስት ገጽ ያህል ብቻ ነበረ።

የምርመራው ፍሬ ይህ ነው። በቀያዮቹ የደም ሕዋሳት ገላ ላይ እንደ ማኅተም ያለ ምልክት አለ። በአንዳንዱ ሰው ላይ ኤ የተባለው፣ በአንዳንዱ ላይ ቢ የተባለው ማኅተም ይገኛል፤ ከሁለቱ አንዱም የሌለበት ሰው ደሙ ዛሬ ኦ ይባላል። በማግሥቱ ዓመት በ1902 ዓ.ም. ደካስቴሎና ስቱርሊ የተባሉ ሐኪሞች ሁለቱንም ማኅተም የያዘውን አራተኛውን፣ ኤቢ የተባለውን አገኙ። በደሙ ፈሳሽ ውስጥ ደግሞ እንደ ዘበኛ ያለ ነገር አለ፤ ሥራውም የራሱ ያልሆነውን ማኅተም ዐውቆ መቋጠር ነው። የኤ ሰው የቢን፣ የቢ ሰው የኤን ደም የሚቃወም ዘበኛ አለው። የኦ ሰው ሁለቱንም ስለሚቃወም የኦን ደም ብቻ ይቀበላል፤ ነገር ግን የኦ ቀያይ ሕዋሳት ማኅተም ስለሌለባቸው በጭንቅ ጊዜ ወደ ሁሉም ይገባሉ። የኤቢ ሰው ዘበኛ የለውም፤ ስለዚህ የአራቱንም ቀያይ ሕዋሳት ይቀበላል። እንግዲህ በብላንደል እጅ አንዱ የዳነው፣ ሌላው የሞተው ስለ ምን እንደ ነበረ ይህ ይገልጥልናል፤ ዕጣ አልነበረም፤ ያልታወቀ ሕግ ነበረ።

ይህን የመሰለ ነገር በተገለጠ ጊዜ ዓለም ሁሉ ሊሯሯጥለት ይገባ ነበር። ነገር ግን ብዙ ዓመት የሰማው ጥቂት ሰው ነው። በ1907 ዓ.ም. ሩበን ኦተንበርግ የተባለ የኒው ዮርክ ሐኪም፣ ደም ከመሰጠቱ አስቀድሞ የሰጪውንና የተቀባዩን ደም እያስተያየ መመርመር ጀመረ። በ1914ና በ1915 ዓ.ም. በቤልጅግ፣ በአርጀንቲናና በአሜሪካ የነበሩ ሐኪሞች ሲትሬት የተባለው ጨው ደምን ከመርጋት እንደሚያግደው አስታወቁ፤ ከዚህም የተነሣ ሰጪና ተቀባይ ጎን ለጎን መተኛታቸው ቀረ፤ ደምም በጠርሙስ የሚቀመጥ ሆነ። በ1917 ዓ.ም. በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ኦስዋልድ ሮበርትሰን የተባለ ሐኪም በፈረንሳይ የጦር ግንባር አስቀድሞ የተቀዳ ደም በበረዶ አስቀምጦ ለቍስለኞች ሰጠ። ላንድስታይነር የኖቤልን ሽልማት የተቀበለው በ1930 ዓ.ም. ነው፤ ያን ሦስት ገጽ ካሳተመ ሃያ ዘጠኝ ዓመት ዐልፎት ነበረ። ከጦርነቱ በኋላ በኦስትሪያ ችጋር ስለ በረታ አገሩን ትቶ አስቀድሞ ወደ ሆላንድ፣ ኋላም ወደ ኒው ዮርክ ተሰደደ፤ በዚያም በሮክፌለር የምርምር ኢንስቲትዩት ሥራውን ቀጠለ። የዕውቀት ዘር ቀስ ብሎ ይበቅላል፤ የዘራው ሰው ግን ሳይታክት ይኰተኵት ነበር።

ላንድስታይነር የደምን በሽታዎችም መርምሯል። በ1904 ዓ.ም. ዩሊዩስ ዶናት ከተባለ ሐኪም ጋር ሆኖ፣ ብርድ የመታው ሰው ሽንቱ እንደ ደም የሚጠቍርበትን በሽታ ምክንያት ገለጠ። በዚህ በሽታ የተያዘ ሰው በደሙ ያለው ዘበኛ ስቶ የራሱን ቀያይ ሕዋሳት በብርድ ጊዜ ይይዛቸዋል፤ ሰውነቱም ሲሞቅ ያፈርሳቸዋል። የሰው ገላ በራሱ ደም ላይ ሊነሣ እንደሚችል ከዚህ ታወቀ። ለቤቱ ጥበቃ የቆመ ዘበኛ ባለቤቱን ሲለይ ተሳስቶ ቤቱን እንደሚያጠፋ ያለ ነገር ነው።

ስለ ዝምድና ከተናገርነው ጋር ከሁሉ ይልቅ የሚስማማው ግን በ1939 ዓ.ም. የታተመው የአንዲት ሴት ታሪክ ነው። ይህች ሴት በኒው ዮርክ ሕፃኗ ሞቶ ተወለደ፤ ደምም ፈሰሳት። የእርሷም የባሏም ደም ኦ ስለ ነበረ የባሏ ደም ተሰጣት። ወዲያው ተንቀጠቀጠች፤ ሕመሟም ጸና። ፊሊፕ ሌቪንና ሩፉስ ስቴትሰን የተባሉ ሐኪሞች መርምረው፣ በባሏ ደም ላይ ከአራቱ ዓይነቶች ሌላ ያልታወቀ ማኅተም እንዳለ፣ ሕፃኑ ያን ከአባቱ እንደ ወረሰ፣ የእናቲቱም ደም ከሕፃኑ የተነሣ ጠላትነትን እንደ ተማረ አስረዱ። በማግሥቱ በ1940 ዓ.ም. ላንድስታይነርና አሌክሳንደር ዊነር ሬሰስ በተባለ ዝንጀሮ ደም መርምረው ዛሬ አር ኤች የሚባለውን አስታወቁ። በፍቅር ከተጋቡት ሁለት ሰዎች አንዱ ለሌላው የሰጠው ደም መርዝ ሆነ ማለት ነው! ለእንዲህ ያሉ እናቶች የሚከላከል መድኀኒት በ1968 ዓ.ም. ወጣ፤ መድኀኒቱም የሚቀመመው ከሌሎች ሰዎች ደም ነው። ጄምስ ሃሪሰን የተባለ አውስትራልያዊ፣ በብላቴንነቱ የማያውቃቸው ሰዎች በሰጡት ደም ስለ ዳነ፣ ከ1954 እስከ 2018 ዓ.ም. 1,173 ጊዜ ደሙን ሰጠ፤ ደሙም ለዚህ መድኀኒት መቀመሚያ ሆነ፤ በ2025 ዓ.ም. ዐረፈ። ባሏ ያልጠቀማትን ሴት የጠቀማት ስሙን የማታውቀው ሰው ነው።

አሁንም ወደ አጥንት ቈጠራችን እንመለስ። አባቱ ኤቢ፣ እናቱ ኦ የሆነ ልጅ ደሙ ወይ ኤ ወይ ቢ ይሆናል እንጂ ከሁለቱ ወላጆቹ አንዱንም እንደማይመስል የታወቀ ነው። በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ጊዜ ሉድቪክና ሃና ሂርሽፌልድ የተባሉ ባልና ሚስት ሐኪሞች፣ ከብዙ አገር የተሰበሰቡ ወታደሮችና ስደተኞች በተገናኙባት በተሰሎንቄ ከተማ፣ ከዐሥራ ስድስት ሕዝቦች ወገን የሆኑ ከ8,000 የሚበልጡ ሰዎችን ደም መረመሩ። ብዛታቸው በየሕዝቡ ቢለያይም፣ የደም ዓይነቶቹ በሁሉም ዘንድ ተገኙ። የአንድ ነገድ ብቻ የሆነ የደም ዓይነት አላገኙም።

ይህ ከታወቀ በኋላም የሰው ልብ ወዲያው አልተመለሰም። በአሜሪካ ቻርልስ ድሩ የተባለ ጥቍር ሐኪም በ1940 ዓ.ም. ለእንግሊዝ ቍስለኞች የሚላከውን የደም ፈሳሽ የማሰባሰብ ሥራ መርቶ ብዙ ሕይወት አዳነ። ሆኖም በ1941 ዓ.ም. የአሜሪካ ቀይ መስቀል የጥቍር ሰዎችን ደም አልቀበልም አለ፤ በ1942 ዓ.ም. ሲቀበልም እስከ 1950 ዓ.ም. ድረስ ከነጮቹ ደም ለይቶ አስቀመጠው። ጥበቡን ለሌሎች ያስተማረው ሰው የራሱ ደም በሌላ መደርደሪያ ተቀመጠ። የምርመራው ብርጭቆ የማያውቀውን ልዩነት ሰዎች በጠርሙሱ ላይ ጻፉበት። ዛሬ ይህን ስንሰማ እናፍራለን፤ ነገር ግን «የወገኔ ደም ካልሆነ» ወይም «ለወገኔ ካልሆነ» የሚል ሰው በእኛ መካከል ቢገኝ በሌሎች ላይ የመፍረድ ሥልጣን አይኖረንም።

ከዚህ ሁሉ በኋላ በአገራችን ምን እናደርጋለን? የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር በ1969 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የደም ባንክ አቋቁሞ ብዙ ዘመን አገልግሏል፤ ኋላም ሥራው ወደ መንግሥት ተዛውሯል። በፈቃዳቸው ደም የሚሰጡ ሰዎችም ከቀድሞው ይልቅ በዝተዋል፤ ምስጋና ይገባቸዋል። ይሁን እንጂ አብዛኛው ሰው ደም መስጠትን የሚያስበው ዘመዱ አልጋ ላይ ሲተኛ ብቻ ነው።

የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ ሐኪም ቤት ያየውን ይመሰክራል። የጎረቤት ልጅ የሆነች ሴት በሌሊት ወልዳ ደም ፈሰሳት። በዚያ ሌሊት ለእርሷ የሚስማማ ደም በመደርደሪያው አልነበረም። ባሏ እጅጌውን ሰብስቦ ቀረበ፤ ደሙ አልተስማማም። ታላቅ ወንድሟ ቀረበ፤ አልተስማማም። ታናሽ ወንድሟ ወባ ይዞት ገና መነሣቱ ነበረና አይሆንም ተባለ። ወንድሞቿ ሲያለቅሱ፣ ለሌላ ሕመምተኛ ስንቅ ይዞ የመጣ፣ ማንም የማያውቀው ሰው ነገሩን ሰምቶ እኔን መርምሩኝ አለ፤ የእርሱ ደም ተስማማ። ነገር ግን ደም ከተቀዳ በኋላ ከበሽታ ንጹሕ መሆኑ እስኪመረመር ጊዜ ይወስዳል፤ ሴቲቱም ያን ጊዜ ልትጠብቅ አልቻለችም። ሕፃኑ ተረፈ። አዘጋጁ በዚያ ሌሊት ኀምሳኛ ዓመቱን ይዞ ነበረ፤ አንድ ቀን እንኳ ደም ሰጥቶ አያውቅም፤ የገዛ ደሙ ዓይነት ምን እንደ ሆነ ተጠይቆም መልስ አልነበረውም። ሌላውን የሚወቅስበት አፍ አጥቶ ወደ ቤቱ ሄደ።

ያን ሌሊት የጐደለው ፍቅር አልነበረም፤ ዘመዶቿ ሁሉ እጃቸውን ዘርግተዋል። የጐደለው አስቀድሞ የተሰጠ ደም ነው። ደም በፋብሪካ አይሠራም፤ ከሰው በቀር ምንጭ የለውም። ለብዙ ጊዜም አይከማችም፤ ቀያዩ ሕዋስ በማቀዝቀዣ ከ35 እስከ 42 ቀን፣ ደም የሚያረጋው ፕሌትሌት ደግሞ አምስት ቀን ያህል ብቻ ይቈያል። ስለዚህ በበዓል ቀን ብቻ የሚሰጥ ደም በቂ አይደለም፤ ምንጩ ዓመቱን ሙሉ መፍሰስ አለበት። ዘመድን በችኰላ መፈለግም ሌላ ጕዳት አለው። የተጨነቀ ዘመድ በሽታውን ሊሸሽግ ይችላል፤ ደም የሚሸጥ ሰውም በዚያ መካከል ይገባል። የዓለም የጤና ድርጅት ጉባኤ በ1975 ዓ.ም. ደም ያለ ክፍያና በፈቃድ እንዲሰጥ አገሮችን ያሳሰበው ስለዚህ ነው።

ምናልባት አንዳንድ ሰው «ደም ብሰጥ ኀይሌ ይደክማል» ይል ይሆናል። በአንድ ጎልማሳ ገላ ውስጥ አምስት ሊትር ያህል ደም አለ፤ ከዚያ የሚቀዳው ከግማሽ ሊትር ያነሰ ነው። ፈሳሹ በአንድ ሁለት ቀን፣ ቀያዩ ሕዋስም በጥቂት ሳምንታት ይተካል። ዕድሜው ከ18 እስከ 65 ዓመት የሆነ፣ ክብደቱ ከ45 ኪሎ ያላነሰ፣ በምርመራም ጤነኛ ሆኖ የተገኘ ሰው በየሦስት ወሩ መስጠት ይችላል። ሌላው ደግሞ «ደሜ ለማን እንደሚሰጥ ሳላውቅ ስለ ምን እሰጣለሁ?» ይል ይሆናል። ለዚህ የምንመልሰው አንድ ቃል ነው፤ አንተስ በምትቈስልበት ቀን የማን ደም እንደሚያድንህ ታውቃለህን? ልጅህ በምትወልድበት ሌሊት ደሟን የሚመስለው ደም በማን ሥር እንደሚመላለስ፣ በየትኛውም ትውልድ ቈጠራ ብትፈልገው አታገኘውም።

ላንድስታይነር በ1943 ዓ.ም. ሰባ አምስት ዓመት በሞላው ወራት፣ በሥራው ክፍል ሳለ ልቡ ታመመ፤ በሁለተኛውም ቀን ዐረፈ። የተወለደበት ጁን 14 ቀን ዛሬ በዓለም ሁሉ የደም ለጋሾች ቀን ሆኖ ይከበራል፤ በእኛ አቈጣጠር ሰኔ 7 ቀን ነው። ቀኑን ማክበር መልካም ነው፤ ነገር ግን ሊቁን በእውነት የሚያከብረው፣ ሰኔ እስኪመጣ ሳይጠብቅ የደሙን ዓይነት ዐውቆ በየወቅቱ የሚሰጥ ሰው ነው። አባቶቻችን ደምን ያደረቁት ጠበኞችን በማስታረቅ ነበረ። እኛ ደግሞ ስሙን ለማናውቀው ሰው ደማችንን አስቀድመን በማስቀመጥ አዲስ ዝምድና እንመሥርት፤ በወሊድ አልጋ ላይ ያለችው እናት እስኪነጋ የምትጠብቅበት ጊዜ የላትምና።